የሴቶች የብልት ጤናና የዕድሜ ለውጥ፦ ከልጅነት እስከ ማረጥ ማግሥት



የዛሬው ንግግር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ከርዕሱ አንዲት ቃል ጎድላ ነበር። «የብልት» የምትለው ተነሥታ «የሴቶች ጤናና የዕድሜ ለውጥ» ተብሎ ወጥቷል። ያነሣትን ሰው አልወቅስም፤ ለታዳሚው ካለው አክብሮት የተነሣ እንዳደረገው ይገባኛል። ነገር ግን የምንነጋገርበት ችግር የሚጀምረው ከዚህችው ከጎደለችው ቃል ስለሆነ እኔም ከእርሷ እነሣለሁ።

አማርኛችን ስለ ሴት ልጅ ሰውነት ሲናገር ሁለት ዓይነት ጠባይ ያሳያል። በየወሩ ለሚፈሰው ደም «የወር አበባ» የሚል ውብ ስም አውጥቶለታል። ደሙ ለሚያልፍበት አካል የሰጠው ጨዋ ስም ግን «ኀፍረተ ሥጋ» ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ቃል ወይ ስድብ ነው፣ ወይ የሐኪም ቤት ቃል። ስለዚህ ሴቶቻችን ሁሉንም ነገር በ«ማህፀን» ጠቅልለው ይናገራሉ። የውጭው ቆዳ ሲያሳክካቸው «ማህፀኔን ያሳክከኛል»፣ ሽንት ሲወርድ ሲያቃጥላቸው «ማህፀኔን ያቃጥለኛል» ይላሉ። እኛ ባለሙያዎቹም ብንሆን ከብልት የሚወጣውን ፈሳሽ «የማህፀን ፈሳሽ» እያልን ስንጽፍና ስናስተምር ኖረናል። ነገሩ የቃላት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለቋንቋ ክፍል ባልደረቦቼ እተወው ነበር። ሆኖም የቆዳ ሕመም ያለባት ሴት «ማህፀኔን» ብላ ስትናገር ሐኪሙ የሚያስበው ስለ ማህፀን ነው፤ የሚጽፍላት መድኃኒትም የማህፀን ኢንፌክሽን መድኃኒት ነው። ቦታው በስሙ ካልተጠራ ሕመሙም በስሙ አይጠራም።

እንግዲህ ዛሬ ቦታዎቹን ለይቼ እጠራለሁ። ከውጭ በዓይን የሚታየውን ክፍል «የውጭ ብልት»፣ ከዚያ ወደ ውስጥ እስከ ማህፀን በር የሚዘልቀውን ጡንቻማ ቱቦ «ቫጂና»፣ በቱቦው ጫፍ ያለውን ጠባብ መግቢያ «የማህፀን በር»፣ ፅንስ የሚያድግበትን ብቻ «ማህፀን» እላለሁ። ከቫጂና ከፍ ብሎ የሽንት ቱቦ ቀዳዳ አለ። እነዚህ ጎረቤታሞች መሆናቸውን ያዙልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ቫጂና ራሱን በራሱ የሚጠብቅ አካል ነው። የመከላከያው ምንጭ ደግሞ ማንኛዋም እናት በማጀቷ የምታውቀው ነገር ነው፤ ማኮምጠጥ። ወተት ወደ እርጎ ሲለወጥ በውስጡ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ ኮምጣጣው እርጎም ሌሎች ጀርሞች እንዳይራቡበት ይከላከላል። በቫጂናም የሚሆነው ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ነው። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የቫጂናን ውስጠኛ ሽፋን ያደልባል፤ በሽፋኑ ሕዋሳት ውስጥም ግላይኮጅን የተባለ የስኳር ክምችት እንዲኖር ያደርጋል። ላክቶባሲለስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ከዚህ ክምችት የሚገኘውን ስኳር ተመግበው ላክቲክ አሲድ ያመነጫሉ። እነዚህን ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1892 የገለጻቸው አልበርት ዶደርላይን የተባለ ጀርመናዊ የማህፀን ሐኪም ነው። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ባለች ጤነኛ ሴት የቫጂና የአሲድነት መጠን በፒኤች ልኬት በአብዛኛው ከ3.8 እስከ 4.5 ነው፤ ከእርጎ ብዙም አይርቅም። (እርጎውን ወስዳችሁ በቦታው ላይ ቀቡ ማለቴ እንዳልሆነ ለመግለጽ ይፈቀድልኝ። ምሳሌ በተናገርኩ ቁጥር በተግባር የሚተረጉመው ሰው አይጠፋም።)

ሰንሰለቱን ልድገመው፦ ሆርሞኑ ሽፋኑን ያደልባል፣ ሽፋኑ ስኳር ያጠራቅማል፣ ባክቴሪያው ስኳሩን ያኮመጥጣል፣ አሲዱ ጀርም ይከላከላል። የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበት ኢስትሮጅን ነው። በሴት ልጅ ዕድሜ ውስጥ ኢስትሮጅን ከፍና ዝቅ በሚልበት ጊዜ ሁሉ የተቀረው አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። የዛሬው ትምህርት ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ግን ሰው ይጎዳል።

ከመወለድ እንጀምር። አዲስ የተወለደች ሴት ሕፃን ከእናቷ የወረሰችው ኢስትሮጅን በደሟ ውስጥ ስላለ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነጣ ያለ ፈሳሽ፣ አንዳንዴም ጥቂት ደም ከብልቷ ሊታይ ይችላል። ወላጆችን የሚያስደነግጥ ቢሆንም ሆርሞኑ ከሰውነቷ ሲወጣ በራሱ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ እስከ ጉርምስና ድረስ የልጅቱ ብልት ሽፋን ስስ ነው፤ አሲዱም የለም። በዚህ ዕድሜ ጠንካራ ሳሙናና ጥብቅ ልብስ በቀላሉ ያስቆጣዋል። ፈሳሹ የሚደጋገም፣ የሚሸት ወይም ደም የተቀላቀለበት ከሆነ ግን «ልጅ ናት» ተብሎ አይታለፍም። ምክንያቱ ባዕድ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ጥቃትም ሊሆን ይችላል። መመርመር አለባት።

በጉርምስና ኦቫሪዎች ሥራ ሲጀምሩ፣ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ወራት ነጭ ወይም ጠራ ያለ ፈሳሽ ይታያል። ይህ ሰንሰለቱ ሥራ የጀመረበት ምልክት ነው። ልጃገረዶቻችን ግን ይህን ስለማይነገራቸው እንደ ቆሻሻ ቆጥረው ውስጡን በሳሙና ማጠብ የሚጀምሩት በዚሁ ጊዜ ነው። ሳሙና አልካሊ ነው፤ አሲዱን ያጠፋዋል፣ ጠባቂ ባክቴሪያዎቹንም ያጥባቸዋል። የውጭውን ብልት በንጹሕ ውኃ መታጠብ በቂ ነው። ውስጡ አይታጠብም። ይህን ዓረፍተ ነገር በየሴሚስተሩ እናገረዋለሁ፤ በየሴሚስተሩም «ታዲያ ንጽሕና እንዴት ይጠበቃል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

በመውለጃ ዕድሜ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ስለዚህ ዘመን የተጻፈው ብዙ ነው። አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። የምታጠባ እናት ኢስትሮጅኗ ዝቅተኛ ነው። በአገራችን ደግሞ ማጥባት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚዘልቅ የተመሰገነ ልማድ ነው። በዚህም የተነሣ የ25 ዓመት ወጣት እናት የብልት ድርቀት፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመምና ማቃጠል ሊሰማት ይችላል። ባሏ «ልቧ ከእኔ ራቀ» ብሎ ያስባል፤ እርሷም በወሊዱ ጊዜ የተበላሸ ነገር ያለ ይመስላታል። የወሊድ ክትትል በምናደርግበት ጊዜ ሁለት ደቂቃ ወስደን ይህ ጊዜያዊ መሆኑን ብንነግራቸው ብዙ ኩርፊያ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወለድ የሚጠበቀው አማካይ ዕድሜ 50 ዓመት አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከ65 በላይ ሆኗል። ማረጥ በአብዛኞቹ ሴቶች ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ይደርሳል። እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ዛሬ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ኢትዮጵያዊት ቀሪ ዕድሜዋን አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን የምትኖረው ካረጠች በኋላ ነው። የሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርታችን፣ መመሪያዎቻችን፣ በጤና ኬላ ግድግዳ ላይ የምንለጥፋቸው ሥዕሎች ግን በ49 ዓመት ላይ ይቆማሉ። ትልልቆቹ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቻችን ለሴቶች የሚያቀርቡት መጠይቅ እንኳ የሚመለከተው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነው። ሃምሳኛ ዓመቷን ያከበረች ሴት ከቁጥር ውጭ ትሆናለች።

ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ደ ጋርዳን እ.ኤ.አ. በ1821 «ሜኖፖዝ» የሚለውን ስም ከግሪክ ቃላት አዋቅሮ አወጣ። አማርኛ እንዲህ ያለ ድካም አላስፈለገውም፤ «አረጠች» የሚል ግሥ አለው። ቃሉ አጭርና ጥሩ ቃል ነው፤ ግን በአንድ ቀን የተፈጸመ ነገር ያስመስለዋል። በእውነቱ ኦቫሪዎች ሥራቸውን የሚቀንሱት በዓመታት ውስጥ ነው፤ የወር አበባው ይዛባል፣ ይበዛል፣ ያንሳል፣ ይዘላል። ማረጥ ተረጋገጠ የምንለው የወር አበባ በተከታታይ 12 ወራት ሳይመጣ ሲቀር ነው። ከ40 ዓመት በፊት ከሆነ ያለ ጊዜው የመጣ ማረጥ ነውና ምርመራና ሕክምና ይሻል።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ድንገተኛው ሙቀትና ስለ ሌሊት ላብ ነው። እነዚህ ያስቸግራሉ፤ ግን በአብዛኛው ከዓመታት በኋላ እየበረዱ ይሄዳሉ። በብልትና በሽንት መውረጃ አካባቢ የሚደርሰው ለውጥ ግን አይበርድም፤ ካልታከመ ከዓመት ዓመት ይጠነክራል። ሰንሰለቱን አስታውሱ። ኢስትሮጅን ሲወርድ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ግላይኮጅኑ ያልቃል፣ ላክቶባሲለስ ይመናመናል፣ ፒኤች ከ5 በላይ ይወጣል። የደም ዝውውሩ ይቀንሳል፣ መለጠጡ ይጠፋል፣ እርጥበቱ ያንሳል። የሽንት ቱቦና የፊኛ ግርጌም የኢስትሮጅን ተቀባዮች ስላሏቸው አብረው ይሳሳሉ፤ ጎረቤትነታቸውን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ማሳከክ፣ ማቃጠል፣ ድርቀት፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመምና መድማት፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ ሽንት መቋጠር አለመቻል፣ ተደጋጋሚ የሽንት ኢንፌክሽን በአንድ ላይ ይመጣሉ። ቀድሞ «የብልት መሟሸሽ» የሚል ትርጉም ባለው ስም ይጠራ ነበር። ይህ ስም ሽንትን ይረሳል፤ ለሴቲቱም ደስ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበራት ተስማምተው የብልትና የሽንት አካላትን በአንድ ላይ የሚያጠቃልል አዲስ ስም አወጡለት። እኔ በአማርኛ «የማረጥ የብልትና የሽንት ሕመም» እለዋለሁ፤ የተሻለ ስም ያለው ቢያቀርብልኝ ደስ ይለኛል። ካረጡ ሴቶች ግማሽ ያህሉ የዚህ ሕመም ምልክት ይታይባቸዋል።

አንድ የተሳሳተ እምነት እዚህ ላይ መነሣት አለበት። ይህ ሕመም የግንኙነት ጉዳይ ብቻ ነው ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ባሏ የሞተባት፣ ቆብ የደፋች፣ ከዓለም የተለየች ሴት «ምን አገባት?» ይባላል። ከባል ጋር ከተለያየች 20 ዓመት የሞላት መነኩሲት ቆማ ስታስቀድስ ልብሷ ሲነካት የሚያቃጥላት፣ ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት የምትነሣ፣ በጾም ወቅት ሽንት እንዳያስቸግራት ውኃ መጠጣት ጨርሳ የምትተው ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ያለችውን ሴት የሚጠይቃት የለም። ለመነኩሲት እንዲህ ያለ ጥያቄ ማቅረብ ነውር ነው ተብሏልና።

የተጠየቀችዋ ደግሞ በሌላ በኩል ትጎዳለች። በጤና ጣቢያዎቻችን የአባላዘር በሽታ የሚታከመው በአብዛኛው በምልክት ላይ ተመሥርቶ ነው። ፈሳሽና ማቃጠል ያላት ሴት ስትመጣ ላቦራቶሪ ሳይጠበቅ ለተለመዱት ጀርሞች በአንድነት መድኃኒት ይሰጣታል። አሠራሩ ለወጣቶችና ላቦራቶሪ በሌለበት ሥፍራ ሕይወት አድኗል፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን የ58 ዓመት እናት በዚያው መንገድ ስትስተናገድ ምን ይሆናል? ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይታዘዝላታል፤ «ባለቤትዎንም ይዘው ይምጡ» ትባላለች። ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ምክንያት ይተያያሉ። መድኃኒቱ የቀሩትን ጥቂት ላክቶባሲለስ ጨርሶ ያጠፋል፣ ምልክቱ ይመለሳል፣ እርሷም ሁለተኛ ዙር ትወስዳለች። ጀርሙ መድኃኒት ተለማመደ ይባላል። ጀርሙ መጀመሪያውኑ አልነበረም።

በተደጋጋሚ የሽንት ኢንፌክሽን ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ሁልጊዜ ለተማሪዎቼ አነሣለሁ። ራዉል ራዝና ዋልተር ስታም እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት ሽንታቸው ደጋግሞ የሚመረቅዝባቸውን 93 ያረጡ ሴቶች ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሾቹ በቫጂና የሚቀባ ኢስትሪኦል የተባለ ለስላሳ ኢስትሮጅን ያለው ክሬም፣ ለቀሩት መድኃኒት የሌለበት ክሬም ሰጡ። ባዶውን ክሬም የተቀቡት በዓመት በአማካይ 5.9 ጊዜ ሲታመሙ፣ ኢስትሪኦል የተቀቡት 0.5 ጊዜ ብቻ ታመሙ። ፒኤቹ ከ5.5 ወደ 3.8 ወረደ፤ ላክቶባሲለስም ተመለሰ። አንድም ጀርም ገዳይ መድኃኒት ሳይጨመር ማለት ነው። ሰንሰለቱ ከመጀመሪያው ቀለበት ሲጠገን ሌላው በራሱ ተጠገነ። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እየተላመደ በሚያስፈራን በዚህ ዘመን ይህ ውጤት ከማህፀን ሐኪሞች አልፎ ሁላችንንም ሊያሳስበን ይገባል።

ታዲያ ይህ ሕክምና ለምን አልተስፋፋም? አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2002 በአሜሪካ ከ16 ሺህ በላይ ያረጡ ሴቶች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። በአፍ የሚወሰድ ኢስትሮጅን ከፕሮጀስቲን ጋር የወሰዱት ሴቶች የጡት ካንሰር፣ የልብ ሕመም፣ የስትሮክና የደም መርጋት ሥጋታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ነበር፤ ብዙዎቹ ካረጡ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ዜናው ዓለምን ዞረ፤ «ሆርሞን ካንሰር ያመጣል» የሚለው አጭር ዓረፍተ ነገርም ዝርዝሩን ጥሎ ተጓዘ። በቫጂና የሚቀባው በጣም አነስተኛ መጠን ያለው ኢስትሮጅን ግን ሌላ ነገር ነው። ሥራው በቦታው ላይ ነው፤ በደም ውስጥ የሚገኘው መጠን ባረጠች ሴት ዘንድ ከሚጠበቀው ወሰን አያልፍም። የጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት ሴት ከካንሰር ሐኪሟ ጋር መመካከር አለባት፤ ለእርሷ በቅድሚያ የሚመረጠው ሆርሞን የሌለበት መንገድ ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳትም ሳትመረመር አትጀምርም። ከዚህ ውጭ ላሉት ፍርሃቱ ከሥጋቱ እጅግ ይበልጣል። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ተራ ነው፤ ክሬሙ በብዙ ከተሞቻችን መድኃኒት ቤቶች በቀላሉ አይገኝም። የሚጠይቅ ከሌለ የሚያስመጣ የለም፤ የሚያስመጣ ከሌለ የሚያዝዝ ሐኪም የለም።

ሆርሞን ለማትፈልግ ወይም ለማታገኝ ሴት በውኃ ላይ የተመሠረቱ ማለስለሻዎች ይረዳሉ። ቫዝሊንና ዘይት ነክ ነገሮች የላስቲክ ኮንዶምን እንደሚያበላሹ ይታወስ። ሳሙናውን መተው፣ የጥጥ የውስጥ ልብስ መልበስ ዋጋ የማይጠይቁ ናቸው። ወይባ ጢስ የመሞቅ ልማዳችንም በዚህ አጋጣሚ ይነሣል፤ «ማህፀን ያጸዳል» ይባላልና። ጢስ የቀነሰ ሆርሞን አይመልስም። በሳሳና በደረቀ ቆዳ ላይ ሙቀትና ጢስ ሲጨመር ማቃጠሉ ይብሳል። ለሌላ የሰውነት ክፍል ለሚወዱት እናቶች ወግና ደስታ ነውና አልከለክልም፤ ብልቱ የሚያቃጥላት ሴት ግን ትተወው።

ሁሉም ማሳከክ ከማረጥ አይደለም። ሁለት ነገሮች ብቻ ላስታውስ። ኢስትሮጅን በማትወስድ ያረጠች ሴት ላይ የፈንገስ ኢንፌክሽን ብዙም የተለመደ አይደለም፤ ስለዚህ እየደጋገመ ከመጣ የደም ስኳሯ ይለካ። የውጭው ብልት ቆዳ ወረቀት መስሎ የሚነጣና ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ማሳከክ ያለው ከሆነ ደግሞ ላይከን ስክለሮሰስ የሚባለው የቆዳ ሕመም ሊሆን ይችላል። ለምጽ መስሏት ትደብቀዋለች። በጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት በደንብ ይታከማል፤ ሳይታከም ከቆየ ቅርጹን ያበላሻል፣ በጥቂቶችም ላይ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል።

ከዕድሜ ጋር የሚለወጠው ሽፋኑ ብቻ አይደለም። ፊኛን፣ ማህፀንንና አንጀትን ከሥር ደግፈው የያዙት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች በየወሊዱ ይለጠጣሉ፣ አንዳንዴም ይቀደዳሉ። በዚያ ላይ የገጠር እናት እንስራና ጄሪካን ተሸክማ ዳገት ትወጣለች። ማረጥ ሲጨመር ድጋፉ ይላላል፤ «ማህፀኔ ወጣ» የሚባለው ይመጣል። አራስን አርባና ሰማንያ ቀን ማሳረፍ ከሃይማኖታዊ ትርጉሙ ባሻገር ለእነዚህ ጡንቻዎች ትልቅ ውለታ ነበር፤ ችግሩ ድኻዋ አራስ ሙሉውን ዕረፍት አግኝታው አለማወቋ ነው። በማሳልና በማስነጠስ ጊዜ ሽንት ማምለጥም ከዚሁ ይመጣል። ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል ከከፈቱ ወዲህ ፊስቱላ በአገራችን ስምና መታከሚያ አገኘ፤ እሰየው። ነገር ግን ሁለቱ አይምታቱ። ከአስቸጋሪ ምጥ በኋላ ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ የሚፈስ ሽንት ፊስቱላ ነው፤ በሳል ጊዜ ብቻ የሚያመልጠው ግን የጡንቻ ድካም ነው። ለዚህኛው አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቀው እንቅስቃሴ አለ። ሽንትን ለመቋጠር የምንጨብጠውን ጡንቻ ጨብጦ ጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ መልቀቅ፣ በቀን ሦስት ጊዜ አሥር አሥሬ መደጋገም፤ ለወራት። ቡና እየተፈላ ሊሠራ ይችላል፤ ማንም አያውቅባችሁም። ማህፀኗ ለወጣባት ደግሞ ከውስጥ የሚደግፍ ቀለበትና ቀዶ ሕክምና አሉ።

የግርዛትን ጉዳይ ሳላነሣ ብቀር ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶቻችን 65 በመቶ የሚሆኑት ተገርዘዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 እና 566 ድርጊቱን ይከለክላል። ስለ ግርዛት ስንናገር ስለ ሕፃናትና ስለ ወሊድ እንናገራለን፤ የተገረዘችው ልጅ ግን አድጋ ታርጣለች። ጠባሳ አይለጠጥም። በጠባሳው ላይ የማረጥ መሳሳት ሲደርብበት ቀድሞ በመጠኑ የምትችለው ሕመም የማትችለው ይሆናል። በአፋርና በሶማሌ አካባቢዎች እንደሚደረገው ተሰፍቶ የጠበበ ከሆነ ደግሞ መመርመሪያ መሣሪያ እንኳ አይገባም፤ የማህፀን በር ምርመራም ሳታገኝ ትቀራለች።

የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው ካንሰር ነው። የኤች ፒ ቪ ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል፤ ይህ የነገው ትውልድ ዕድል ነው። ለዛሬዎቹ እናቶች ያለው ቅድመ ምርመራ ነው። በጤና ጣቢያ በስፋት የሚሠራው የማህፀን በር ላይ አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን ማየት ሲሆን፣ የሚመለከተውም ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነው። የዕድሜው ገደብ ቸልተኝነት አይደለም። ካንሰር የሚጀምርበት የሽፋን መጋጠሚያ ከማረጥ በኋላ ወደ ውስጥ ሸሽቶ ስለሚገባ በዓይን አይታይም፤ «ደህና ነሽ» ማለት ያሳስታል። መፍትሔው ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ምርመራ ነው፤ ናሙናውን ሴቲቱ ራሷ ልትወስደው ትችላለችና ለኀፍረቱም መላ አለው። ስለዚህ በ48 ዓመቷ ያልተመረመረች ሴት በራችን ላይ ከደረሰች «ሌላ ጊዜ» አይባልም። ሌላ ጊዜ የሚባለው ጊዜ ለእርሷ የለም።

ካረጠች ከዓመት በኋላ ደም ያየች ሴት ደግሞ ጠብታም ብትሆን ትመርመር። «አበባዬ ተመለሰልኝ» ብላ እየሳቀች የምትናገር እናት አለች። አበባ አይመለስም። በብዙዎቹ ምክንያቱ የሽፋኑ መሳሳት ሆኖ ይገኛል፤ ግን የማህፀን ወይም የማህፀን በር ካንሰር አለመሆኑ ሳይረጋገጥ እንዲህ ብሎ መደምደም አይቻልም።

ለክሊኒክ ተማሪዎቼ አንድ ተግባራዊ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ትልቅ እናት ስትመጣ ጥያቄውን ከብልት አትጀምሩት፤ ከሽንት ጀምሩት። «እማማ፣ ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ይነሣሉ? ሲወርድስ ያቃጥልዎታል?» ይህን ሳታፍር ትመልሳለች። ቀጥሎ «ድርቀት ወይም ማሳከክስ?» ትሏታላችሁ። ባል ካላቸው «ከባለቤትዎ ጋር ሲሆኑ ያምዎታል?» ማለት በቂ ነው፤ «ሲሆኑ» የምትለው ቃል ሥራዋን ትሠራለች። ወንድ ተማሪዎች ሴት ባልደረባ አብራችሁ አስገቡ። ልጇ አጅቧት ከመጣ በትሕትና ውጭ እንዲጠብቅ ንገሩት፤ ልጇ ባለበት አትነግራችሁም።

አሁን ጊዜው የጥያቄ ነው። ድምፅ ማጉያውን መያዝ የማይፈልግ በወረቀት ጽፎ ወደ ፊት ይላክልኝ፤ ስም አያስፈልግም።